ሲሶ

ዋሻ ገብቼ አላውቅም፤ ዋናም አልችልም፤
ከጎማና ከሞተር በቀር ሙያ የለኝም።
ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በጠዋት፣
የሬዢስን ሳንባ እኔ ነበርኩ የምሞላለት፤
ከአባቴ በወረስኩት ጋራዥ፣ በአሮጌው ኮምፕሬሰር ጩኸት።

ሁለት ቢጫ ሲሊንደር፣ ቀለማቸው የለቀቀ፣
ድንጋይ ሲልጋቸው ኖሮ ትከሻቸው የተፋቀ።
ጌጁ ሁለት መቶ አሥር ሲል፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጠመኔ፣
መሬት እንደሚያካፍል ሰው ሲያሰምር አይቻለሁ በዓይኔ፦

"ሲሶው መግቢያ፤ ሲሶው መውጫ፤
ሲሶው የሌላ ሰው ነው።"

"የማን?" አልኩት አንድ ቀን፤ "ብቻህን አይደል የምትገባው?"
"እሱን እንጃ፣ ኖኤሚ" አለኝ፤ "እኔ የማውቀው፣
እስከ ዛሬ አለመምጣቱን ነው።"

ምንጫችን ከመንደሩ ግርጌ፣ ከዋልነት ዛፎቹ ሥር ነው፤
ደንቆሮ ምንጭ እንለዋለን፤ ድንጋይ ቢጥሉበት መልስ የለው።
አረንጓዴ ነው፤ አይርገበገብም፤ ዓይን ነው ያለ ሽፋሽፍት።
"ወለል የለውም" ይሉን ነበር አሮጊቶቹ፣ ልብስ ሲያጥቡበት።
ሬዢስ ነው ገብቶ ልክ የሰጠው፣
በየአምስት ሜትሩ በተቋጠረ ነጭ ክር፤
እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ለዚያ ለማይናገር።

የኅዳሩን ሌሊት ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።
ሁለት ተማሪዎች ከቱሉዝ መጥተው ገቡ፤ አልወጡም።
ሬዢስ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ፤ እኔም ሞተሩን አስነሣሁ፤
እስኪነጋ ስሞላ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
አንዱን በሌሊት፣ አንዱን በረፋድ አመጣቸው፤
እንቅልፍ እንደጣላቸው ልጆች በቀስታ አስተኛቸው።

የአንደኛው እናት በዝናብ ቆማ፣ እጅጌውን ይዛ፣
"ፈርቶ ነበር?" አለችው።
"ክሩን ይዞ ነበር" አላት። "መንገዱን ያውቅ ነበር።"
ሌላ አልጨመረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ እዚሁ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
የነገረኝ፤ በስንጥር የጥፍሩን ጭቃ አውጥቶ፦
"ክሩ ከጣቱ ሁለት ክንድ ይርቅ ነበር።
ሁለት ክንድ ብቻ።"

ውሃው ይወስደዋል እያልን ስንፈራ፣ ስንጠብቅ፣
በመጋቢት፣ ማድቤት ወንበር ላይ፣ የጫማውን ክር ሳያጠብቅ
ልቡ ቀጥ አለ። በደረቅ መሬት።
"አንዱን ብቻ ነው ያሰረው" ትላለች ሶላንዥ፤
ሚስቱ ናት፤ ሌላ የምትለው የላትም።

ከስዊዘርላንድ፣ ከስሎቬኒያ መጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚያውቁት፤
ኮት የጠበባቸው ሰዎች። በአበባ ፋንታ ሳጥኑ ላይ ያኖሩት
የላስቲክ ቀስት ነበር፣ ክር ላይ የሚሰካው፣
በጨለማ ለጠፋ ሰው መውጫውን የሚያሳየው።
አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ሰዉ ሁሉ ሲበተን፣
አንድ በአንድ ወደ በሩ ያዞር ነበር የተጣመመውን።

አንዱ ሲሊንደር እኔ ጋ ቀረ፤ የመጨረሻው ቅዳሜ።
ጌጁ ሰባ ላይ። ያልተነካ ሲሶ።
ከፍቼ በባዶ ልለቀው አልቻልኩም፤
በጆንያ ሸፍኜ ከማርሽ ሳጥኖቹ ጀርባ አቆምኩት።

ነሐሴ፤ ነጎድጓዱ መብራት ወሰደ፤ ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ፤
ከድንኳን ሰፈሩ አንድ የሆላንድ ልጅ ብስክሌት እየጎተተ ከተፍ አለ።
ቋንቋችንን አያውቅም። የተኛ ጎማውን በጣቱ አሳየኝ።
ጆንያውን ገለጥኩት።
ቧንቧውን ቀጠልኩ፤ ቁልፉን በሩብ ዙር ፈታሁ፤
ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ትንፋሽ ሰማሁ።
ልጁ በአውራ ጣቱ ጎማውን ተጫነው፤ ሳቀ፤
በደንቆሮው ምንጭ በኩል፣ ደወሉን እያቃጨለ፣ ቁልቁል ራቀ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ መርፌው ከሰባ ላይ ንቅንቅ አላለም።
ጆንያውን መልሼ አላለበስኩትም።